ካሽጋር ሄዶ የሚያውቅ አለ? የሐር መንገድን በባቡር ልሄደው አስቤያለሁ

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ? ጥቅምት ላይ ለካንቶን ፌር፣ ለትልቁ የንግድ ትርኢት፣ ጓንጁ እሄዳለሁ። ነጋዴ ነኝ። ቻይና ስሄድ ሆቴል፣ ገበያ፣ መጋዘን፣ ከዚያ ቀጥታ ቦሌ። ከዚህ ውጪ አገሩን አላውቀውም ማለት ይቻላል። ዘንድሮ ግን የቪዛዬ ጊዜ ስለሚተርፍ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዢንጂያንግ፣ ብቅ ብዬ መምጣት ፈልጌያለሁ። ቱርፋን፣ ኩቻ፣ ካሽጋር፣ ከተቻለም ሆታን።

ሐሳቡ ከየት መጣ ብትሉኝ ከሆድ ነው። ጓንጁ ያለውን የሺያዎቤይ ሰፈር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እኛም ሌላው አፍሪካዊም የምንርመሰመስበት ነው። እዚያ ኡይጉር የሚባሉ የዢንጂያንግ ሰዎች የበግ ሥጋ በረጅም ሽቦ ሰክተው፣ ከሙንና በርበሬ ነስንሰው ከሰል ላይ ይጠብሳሉ። ሰዎቹ ቻይና አይመስሉም፣ እርስ በርስ የሚያወሩት ቻይንኛ አይደለም፣ የምግብ ቤቱ ስምም በዐረብ ፊደል ነው የተጻፈው። አንዱን «አገርህ የት ነው?» ስለው «ካሽጋር» አለኝና ወደ ከሰሉ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንዱ ስለ ግመልና ስለ ሐር ብቻ ይጽፋል፣ ሌላው ስለ እስር ቤት ብቻ፣ የቻይና ቱሪዝም ማስታወቂያ ደግሞ ጭፈራና ወይን ብቻ ነው የሚያሳየው።

እስኪ የምታውቁ ንገሩኝ። በየት በኩል ልሂድ? መቼ ይሻላል? እነዚህ ሰዎችስ እነማን ናቸው? መሄዱ ራሱ ነውር ነው የምትሉ ካላችሁም ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ።

የቼንግዱዋ፦

ወንድሜ፣ እኔ ቼንግዱ ነው የምማረው፤ ያልከውን መንገድ በባቡር ሄጄበታለሁ።

ከጊዜው እንጀምር። ፌሩ የሚከፈተው ኦክቶበር 15 ነው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው ሳምንት ደግሞ የቻይና ብሔራዊ በዓል ነው፤ አገሩ በሙሉ ተነቅሎ መንገድ ስለሚወጣ ትኬትም አልጋም አታገኝም። ከፌሩ በኋላ እሄዳለሁ ካልክ ኅዳር ይገባና ብርዱ ይጀምርሃል። ስለዚህ እንቁጣጣሽን ቤትህ በልተህ ተነሳ። ቱርፋን ወይኑ ሲለቀም ትደርሳለህ፣ የበዓሉን ሳምንት ጓንጁ ቁጭ ብለህ ታሳልፈዋለህ። በሐምሌና በነሐሴ ቱርፋንን አያሳይህ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው።

ሁለተኛ፣ አውሮፕላን ይዘህ ቀጥታ ካሽጋር አትውረድ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርግና «ቆንጆ ገበያ አየሁ» ብሎ ይመለሳል። ከምሥራቅ ግባ። ከላንጁ ኡሩምቺ የሚሄደው ፈጣን ባቡር በፈረንጆቹ 2014 ነው የተከፈተው፣ 1,776 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቱርፋን ላይ ይቆማል። በመስኮቱ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ባዶ ምድር እያየህ ስትሄድ ነጋዴዎቹ ለምን በዚያች ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ያልፉ እንደነበር ያለ አስተማሪ ይገባሃል። ከፊትህ ታክላማካን የሚባል የአሸዋ ባሕር አለ። መሀሉን የሚቆርጥ ስላልነበረ መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ በሰሜንና በደቡብ ጠርዙ ይዞራል፣ ካሽጋር ላይ መልሶ ይገናኛል። ቱርፋንና ኩቻ በሰሜኑ ናቸው፣ ሆታን በደቡቡ።

ቱርፋን ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። ከከተማዋ ደቡብ ያለው የአይዲንግ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 154 ሜትር ነው፤ ከዳሎላችን ይዘቅጣል፣ ከጅቡቲው አሳል ሐይቅ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ይህ ሁሉ የወይን ተክል በምን ይጠጣል ብትል መልሱ ካሬዝ ነው። ከቲያን ሻን ተራራ ሥር ጀምሮ እየተራራቁ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፣ ጉድጓዶቹን ከታች የሚያገናኝ መተላለፊያ ይፈለፈላል። የበረዶው ውኃ በራሱ ክብደት እየወረደ፣ ፀሐይ ሳያየው፣ ያለ ፓምፕ መንደሩ ድረስ ይመጣል። በላይ ቢፈስ ኖሮ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ተንኖ ባለቀ ነበር። ወርጄ አይቼዋለሁ፤ ጎንበስ ብለህ ነው የምትሄደው፣ ውኃው እግር ያደነዝዛል፣ ግድግዳው ላይ የዶማው ምልክት እስከ ዛሬ ይታያል። በየኮረብታው ጫፍ የምታያቸው ግድግዳቸው በሙሉ ቀዳዳ የሆነ የጭቃ ቤቶች ደግሞ ዘቢብ ማድረቂያ ናቸው። ሞቃቱ ነፋስ በቀዳዳው ይገባል፣ ወይኑ ጥላ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል፣ ለዚያ ነው ዘቢቡ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው።

ካሽጋር ስትደርስ የእሁዱን የከብት ገበያ እንዳታልፈው። ላታቸው ከኋላቸው የሚወዛወዝ በጎች ተሰልፈው ታስረው ታያለህ፣ ጠዋት ነው ደስ የሚለው። ጠዋት ስልህ ግን የማን ጠዋት እንደሆነ ጠይቅ። ቻይና በሙሉ በቤጂንግ ሰዓት ነው የምትሠራው፣ ኡይጉሮቹ ግን እርስ በርስ በሁለት ሰዓት ወደኋላ በቀረ በራሳቸው ሰዓት ይቀጣጠራሉ። ባቡርና ባንክ በቤጂንግ፣ እራትና ሠርግ በአገሬው። ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከፈረንጅ ጋር ስንቀጣጠር «በማን ሰዓት?» ማለት ለምደናል።

የታሪክ ተማሪ፦

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው» ላልከው ልሞክር። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዘህ አንብበው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ኡይጉሮች መጀመሪያ የዛሬዋ ሞንጎሊያ ውስጥ የፈረስ ሰዎች ነበሩ። ከ744 እስከ 840 ድረስ እዚያ ትልቅ መንግሥት ነበራቸው፣ ዋና ከተማቸው ኦርዱ ባሊቅ ትባላለች። የቻይናው የታንግ መንግሥት አመፅ ተነስቶበት ሊወድቅ ሲል ጦር ልከው አትርፈውታል። በነጻ እንዳይመስልህ፣ ከዚያ በኋላ ፈረስ እየሸጡለት በአንድ ፈረስ 40 ጥቅል ሐር ይቀበሉ ነበር፣ ቻይናዎቹ ፈረሶቹ ከሲታ ናቸው እያሉ እያለቀሱም ቢሆን ይከፍላሉ።

አሁን ለእኛ የሚያስገርመው ክፍል። በዚያው ዘመቻ በ762 አካባቢ ንጉሣቸው ቦጉ ካጋን የማኒን ሃይማኖት የሚያስተምሩ የሶግድ ሰዎች (የመካከለኛው እስያ ነጋዴ ሕዝብ ናቸው) አገኘና ሃይማኖቱን ተቀብሎ የመንግሥት ሃይማኖት አደረገው። ማኒ ማን ነው? የሃይማኖቱ መሥራች ነው። የዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት ተብለው ሲቆጠሩ ከፋርስና ከሮም ቀጥሎ አክሱም የተጠራችበት፣ ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ዝርዝር የእሱ ትምህርት ውስጥ ያለ ነው። አራተኛዋ ቻይና ናት ተብሎ ይታሰባል። ሰውየው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ፋርስ ውስጥ ተሰቃይቶ ሞተ፣ ተከታዮቹ በየቦታው ተሳደዱ። በዓለም ላይ ሃይማኖቱን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረጉት ኡይጉሮች ናቸው። ቱርፋን አካባቢ የተገኙት የማኒ መጻሕፍት ሥዕሎች ዛሬ በርሊን ናቸው።

በ840 ኪርጊዞች ከሰሜን መጥተው መንግሥታቸውን አፈረሱት። የሸሹት ወደ ቱርፋን ወረዱና ከነበረው የከተማ ሕዝብ ጋር ተቀላቀሉ። እዚያ ጎቾ የሚባለው መንግሥታቸው ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ቡድሂስት ሆነ፣ ከጎኑ የማኒ ሰዎች፣ ከጎኑ ደግሞ ክርስቲያኖች። ቀልድ አይደለም፣ ከቱርፋን በስተሰሜን ቡላይክ በሚባል ቦታ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ገዳም ነበረ። የጀርመን አሳሾች የሱርስት ጽሑፎች አውጥተውበታል፣ በመካከለኛው ፋርስኛ (ፓህላቪ) የተተረጎመ የመዝሙረ ዳዊት ቅጠሎችም ጭምር።

በምዕራብ በኩል፣ በካሽጋር፣ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ካራካኒዶች የሚባሉ ቱርኮች ነበሩ፣ ንጉሣቸው ሳቱቅ ቡግራ ካን በ10ኛው ክፍለ ዘመን ሰለመ። ከዚያ ወገን የመጣው ማሕሙድ አል ካሽጋሪ በ1070ዎቹ ባግዳድ ሆኖ የቱርክ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት በዐረብኛ ጻፈ። መቃብሩ ነው የሚባለው ከካሽጋር ወጣ ብላ ኦፓል የምትባል መንደር አለ። እስልምና ከካሽጋር ተነስቶ ቱርፋንን ጠቅልሎ እስኪይዝ ግን ወደ አምስት መቶ ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ «ኡይጉር ማለት ከጥንት ጀምሮ ሙስሊም ነው» የሚልህም፣ «ከጥንት ጀምሮ ቻይናዊ ነው» የሚልህም ሁለቱም ታሪኩን እየቆረጡልህ ነው።

አንድ ልጨምርና ላቁም። የኡይጉር የድሮ ፊደል ከሶግድ የመጣ ነው። ጄንጊስ ካን በ1204 ታታ ቶንጋ የሚባል ኡይጉር ጸሐፊ ማርኮ ልጆቹን ፊደል አስቆጠረበት፣ የጎቾ ንጉሥም በ1209 ሳይዋጋ ገባለት። ዛሬ ውስጣዊ ሞንጎሊያ ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው ጽሕፈት የዚያ ልጅ ነው። ኡይጉሮቹ ራሳቸው ደግሞ ያን ትተው ዛሬ በዐረብ ፊደል ይጽፋሉ።

መንገደኛው፦

አቦ፣ አንጀቴን አራስከው! ግን አክሱምና የሐር መንገድ በቀጥታ የተገናኙበት አለ ወይስ ስሟ ብቻ ነው የደረሰው?

የታሪክ ተማሪ፦

አለ እንጂ፣ በባሕሩ በኩል። በ531 አካባቢ የቢዛንታይኑ፣ ማለትም የምሥራቅ ሮም፣ ንጉሥ ጀስቲንያን ወደ አፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ ነበር። ነገሩ ንግድ ነው። ሐር በፋርስ በኩል ብቻ ስለሚያልፍ ፋርሶች እንደፈለጉ ያስከፍሉት ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያውያን ከሕንድ ሐር እየገዙ ለሮም ቢሸጡ እናንተም ትከብራላችሁ፣ እኛም ለጠላታችን ገንዘብ መስጠት ይቀርልናል አለ። ካሌብ እሺ ብሎ ነበር፣ ግን አልተሳካም። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ ምክንያቱን ጽፎታል፦ የሕንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚያርፉበት ወደብ ፋርሶች ቀድመው ጠብቀው ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙታል። አስመጪ ስለሆንክ ይህ ነገር የት እንደሚያም አንተ ታውቀዋለህ። በኋላ በ552 ገደማ መነኮሳት የሐር ትሉን ዕንቁላል ሰርቀው ቁስጥንጥንያ አስገቡትና ጀስቲንያን ተገላገለ።

ጋሼ ዘቨርጂኒያ፦

ልጆች፣ ሁሉንም በደስታ አነበብኩት። ነገር ግን የዛሬውን ሰው ዘላችሁት።

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ አሜሪካ ውስጥ ካሉት ኡይጉሮች ብዙዎቹ የሚኖሩበት ነው፣ ከእኛ ሰፈርም አይርቁም። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። በፈረንጆቹ 2017 አገር ቤት ያሉት ዘመዶቹ አንድ በአንድ ከዊቻት፣ ከቻይናዎቹ የመልእክት አፕ፣ ላይ ሰረዙት። ተጣልተው አይደለም። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር መነጋገር ብቻውን ሰው ያሳስር ስለነበር ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እጅግ ብዙ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ካምፕ ገብቷል። መንግሥቱ «አክራሪነትን መከላከያ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ነው» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ግን በ2022 ባወጣው ሪፖርት በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። ራሒለ ዳውት የምትባል ሴት ምሁር ነበረች። ሥራዋ የኡይጉር የቅዱሳን መቃብሮችን፣ ተረቱን፣ መዝሙሩን መመዝገብ ነበር። በ2017 መጨረሻ ተሰወረች፣ የዕድሜ ልክ እስራት እንደተፈረደባት የተረጋገጠው በ2023 ነው። እሷ ከመዘገበቻቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም።

አትሂድ አልልህም ልጄ። ከሄድክ ግን ሰው አትጠይቅ። «እንዴት ናችሁ፣ ምን ደረሰባችሁ» ማለት ለአንተ አዘኔታ ነው፣ ለሚመልስልህ ሰው ግን መዘዝ ነው። ያ ካሽጋሬ ወደ ከሰሉ የዞረው ጠልቶህ አይደለም። ፎቶ ስታነሳም ፊት አትለጥፍ። ደግሞ ብላ! ላግማን ሲሠራ ቆመህ እይ። ሊጡን ዘይት ቀብተው እንደ ገመድ ይጠቀልሉታል፣ ከዚያ በሁለት እጅ እየሳቡ ጠረጴዛው ላይ ሲያጮሉት ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ አይበጠስም። ከላዩ የበግ ሥጋ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም።

ቀጥተኛው፦

እኔ ግን አልስማማም ጋሼ። አገር ጎብኙ ብሎ ፖስተር የለጠፈው ያው ያሰረው መንግሥት ነው። የካሽጋር አሮጌ ከተማ ከ2009 ጀምሮ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ለመሬት መንቀጥቀጥ ተብሎ ነው፣ ይሁን፣ ግን ዛሬ የምታየው በር ያለው፣ መብራት የተለጠፈበት፣ ቱሪስት በባህል ልብስ ፎቶ የሚነሳበት ሰፈር ነው። በ1442 የተሠራው የኢድ ካህ መስጊድ ውስጥ ትኬት ቆርጠህ ነው የምትገባው። ገንዘብህን ወስደህ ለዚህ ትሰጣለህ ማለት ነው?

የቼንግዱዋ፦

ቀጥተኛው፣ ያልከው ስለ አሮጌው ከተማ ትክክል ነው፣ ዋናው ጎዳና ላይ ብቻ ከቆምክ የፊልም መቅረጫ ነው የሚመስለው። ግን ወደ ውስጥ ግባ። ዳቦ ጋጋሪው ቤት ፊት ቆሜያለሁ። ልጁ ሊጡን ዳቦ ያህል ክብ አድርጎ ይለጥጠዋል፣ ጠርዙን ወፍራም ይተወዋል፣ መሀሉን እሾህ በመሰለ ማኅተም ጠቅ ጠቅ አድርጎ ያስጌጠዋል፣ ሽንኩርትና ሰሊጥ ነስንሶ ግማሽ አካሉን እቶኑ ውስጥ አስገብቶ ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ከእሱ የምገዛው ዳቦ ለመንግሥት የሚገባ አይመስለኝም። ሰው ሁሉ ከቀረ የሚቀሩት አውቶቡስ ሙሉ የሚመጡት ጎብኚዎች ብቻ ናቸው። ስለ ፍተሻው ግን አልዋሽም፣ አለ። ፓስፖርት ከእጅህ አይለይ፣ ኬላና ፖሊስ አታንሳ፣ ስልክህንም ሊያዩት ይችላሉ።

ደረቅ ወደብ፦

ሦስተኛ መንገድ ላሳያችሁ፣ በሥራ ምክንያት ስለማውቀው። በካዛኪስታንና በቻይና ድንበር ላይ ሆርጎስ የሚባል ደረቅ ወደብ አለ፣ ኮንቴይነር ከቻይና ባቡር ወደ ካዛክ ባቡር የሚዘዋወርበት፤ የሐዲዱ ስፋት ስለሚለያይ ክሬን እያነሳ ያዛውረዋል። ከሆርጎስ ትንሽ አለፍ ስትል ዣርከንት ናት። ዣርከንት ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ኡይጉር ነጋዴ ያሠራው መስጊድ አለ። መሐንዲሱ ቻይናዊ ነበር፣ ጣሪያው ወደ ላይ የተቀለበሰ የቻይና ጣሪያ ነው፣ ውስጡ የመካከለኛው እስያ መስጊድ። አሁን ሙዚየም ሆኗል።

እዚያ አካባቢና አልማቲ ውስጥ ኡይጉሮች ብዙ ናቸው። ገሚሶቹ ከ1881 በኋላ ሩሲያ የኢሊን ሸለቆ ለቻይና ስትመልስ ድንበር የተሻገሩ ናቸው፣ ሌሎቹ በ1962 የሸሹ። አልማቲ ውስጥ ከ1934 ጀምሮ የኡይጉር ቴያትር ቤት አላቸው፣ በቋንቋቸው የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ሙቃማቸውን፣ ያንን ለሰዓታት የሚዘልቀውን ዜማ፣ መድረክ ላይ ሲጫወቱት ብትሰማ ደስ ይልሃል። ዩኔስኮ በ2005 የመዘገበው ነው። ዋናው ነገር ሰዎቹ ያወሩሃል። ስለ ዘመድ ስትጠይቅ ዝም የሚል እዚያም አለ፣ ግን ሻይ አስቀድቶ ስለ አያቱ የሚያወራህም አለ።

ከኪርጊዝስታን በመኪና ወደ ካሽጋር መግባትም ይቻላል። ግን በ2019 ጋዜጠኞች ባደረጉት ምርመራ በኢርኬሽታም ኬላ በሚገቡ መንገደኞች አንድሮይድ ስልክ ላይ የስለላ አፕ ይጫን እንደነበር ወጥቷል። በዚያ በኩል አትምጣ።

መንገደኛው፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ምክርዎን ይዣለሁ፤ ሰው አልጠይቅም፣ ፊትም አልለጥፍም። ቀጥተኛው፣ ያልከው አሳስቦኛል፣ ስለዚህ የአስጎብኚ ጥቅል አልገዛም። በየሰፈሩ እየበላሁ ብቻዬን እሄዳለሁ። አልማቲን ለሚቀጥለው ዓመት ይዤዋለሁ፣ ዘንድሮ በቪዛው አይሆንልኝም።

ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ ጓንጁ፣ ላንጁ፣ ዱንሁዋንግ፣ ቱርፋን፣ ኩቻ፣ ካሽጋር፣ ከዚያ በአውሮፕላን መመለስ። ሆታንን ልተወው ወይስ ልጨምረው? ወደ ፓኪስታን ድንበር ያለውን ተራራማ መንገድስ?

የቼንግዱዋ፦

ዱንሁዋንግን በደንብ አድርገህ እይ። የቡድሂስት ዋሻዎቹ ውስጥ የተገኙት ጽሑፎች መሀል የድሮ ኡይጉርኛም አለ፣ ከእንጨት የተቀረጹ የኡይጉር የማተሚያ ፊደላትም እዚያው ተገኝተዋል። ቱርፋን ላይ ደግሞ የቤዜክሊክን ዋሻዎች ስትገባ ግድግዳው ተቦጫጭቆ ባዶ ሆኖ ብታገኘው እንዳትደነግጥ። ሥዕሎቹን ጀርመኖቹ እየቆረጡ በርሊን ወስደዋቸዋል፣ ትልልቆቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወደሙ። የጂያዎሄ ፍርስራሽ ከተማ አፍ ያስከፍታል፣ ሲመሽ ግባ።

ሆታን የሐርና የነጭ ጄድ ድንጋይ ከተማ ናት። ኤትለስ የሚሉትን ቀለሙ እንደ ነበልባል የሚሮጥ ሐር በእጅ ሲሸምኑት የምታየው እዚያ ነው፤ ክሩን ከመሸመኑ በፊት እያሰሩ ነው የሚነክሩት። አንተ ጨርቅ የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ጨምረው። ከካሽጋር በባቡር ይደረሳል። ጄድ ግን እንዳትገዛ፣ ገበያው ላይ የምትሸወደው እዚያ ነው። ወደ ፓኪስታን ድንበር ያለውን የታሽኩርጋኑን መንገድ ጊዜ ከተረፈህ ብቻ፤ ካራኩል ሐይቅና 7,546 ሜትር የሚረዝመው ሙዝታግ አታ ያምራሉ፣ ነገር ግን የድንበር አካባቢ ስለሆነ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ካሽጋር ላይ ጠይቀህ ውጣ።

የባቡር ትኬት ከጉዞው 15 ቀን ቀድሞ ነው የሚከፈተው፣ በፓስፖርት ቁጥርህ ነው የሚቆረጠው። ከቱርፋን ካሽጋር የሌሊቱን ያዝ፣ የታችኛውን አልጋ። ከላይኛው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ አይቻልም።